አስራ አምስት ሰከንድ

ሙዚቃው ይቋረጣል። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ማይክሮፎን ይዞ ጥንዶቹ ከውድድሩ መሰረዛቸውን ያውጃል። ወጣቱና ወጣቷ ወለሉ መሀል ቆመው ይቀራሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ ከአንድ ጥግ ጭብጨባ ይሰማል፤ ቀስ ያለ፣ ምት ያለው ጭብጨባ። የልጁ አባት ነው፤ ፊልሙን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲኖር ያየነው ሰውዬ። አንድ ሰው ይከተለዋል፣ ከዚያ አስር፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ጥንዶቹም በጭብጨባው ምት መደነስ ይጀምራሉ።

«ስትሪክትሊ ቦልሩም»ን ያየ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ግቢ እያለሁ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነው። እውነቱን ለመናገር አልቅሻለሁ። በቅርቡ ደግሜ አየሁት። አሁንም ያምራል። ግን በዚህኛው ዙር አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ያልተዋጠልኝ ነገር ነው። (ፊልሙን ላላያችሁት፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ስለነገርኳችሁ ይቅርታ። ቢሆንም እዩት።)

*

ፊልሙ የአውስትራሊያዊው ባዝ ሉርማን የመጀመሪያ ሥራ ነው። በ1992 ካን ላይ ታየ። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ፣ ሉርማን ተማሪ እያለ፣ አጭር የመድረክ ተውኔት ነበር። ሉርማን ራሱ በልጅነቱ የቦልሩም ተወዳዳሪ ስለነበር ዓለሙን ከውስጥ ያውቀዋል፤ የላባውን ቀሚስ፣ የፀጉር ቅባቱን፣ ከወለሉ ዳር ሆና ጥርሷን የምትነክሰውን እናት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ስኮት ሄስቲንግስ ጎበዝ ዳንሰኛ ነው፤ ችግሩ የራሱን እርምጃ መደነስ ይፈልጋል። ፌዴሬሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የተፈቀደ እርምጃ ብቻ ነው። ስኮት ይሸነፋል፣ አጣማሪው ጥላው ትሄዳለች፣ ፍራን የምትባል ጀማሪ፣ መነጽር ያደረገች የስፔን ስደተኞች ልጅ ከእሱ ጋር ለመደነስ ትጠይቀዋለች። ከሁሉም በላይ የቆመው ባሪ ፋይፍ ነው፤ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት፣ ዊግ ያጠለቀ፣ ሁሌ ፊቱ ላብ ላብ የሚለው፣ ውጤቱን አስቀድሞ የወሰነ፣ ስኮትን ለማስቆም ስለ አባቱ የሐሰት ታሪክ የሚፈጥር ሰው።

እዚህ ጋ ነው ያልተዋጠልኝ። ባሪ ፋይፍ በጣም ይመቻል። ክፉ ነው፣ አስቀያሚ ነው፣ ይዋሻል። እሱን አውርደን ብንጥል ፍትሕ ይመጣል። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ የሚያጨበጭበው በከፊል ለዚህ ነው፤ አድልዎ ፊት ስላገኘ፣ ያ ፊት ደግሞ የእኛ ስላልሆነ።

እውነተኛው የቦልሩም ዳኝነት ግን እንደዚህ አይደለም። ወይም በአብዛኛው እንደዚህ አይደለም። እስኪ እንዴት እንደሚሠራ እንየው።

*

የቦልሩም ውድድር ሁለት ዋና ዘርፍ አለው። አንዱ «ስታንዳርድ» ነው፦ ዋልትዝ፣ ታንጎ፣ ቪየኒዝ ዋልትዝ፣ ፎክስትሮት፣ ኩዊክስቴፕ። ሌላው «ላቲን» ነው፦ ሳምባ፣ ቻ-ቻ-ቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌ፣ ጃይቭ። ሩጫ አይደለም፣ ሰዓት አይያዝለትም። እንደ እግር ኳስ መረብ የለውም። ያለው ሰው ነው፤ ወለሉ ዳር ወረቀት ወይም ታብሌት ይዞ የቆመ ሰው።

አንድ ዳንስ አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይቆያል እንበል። በፍጻሜ ብዙውን ጊዜ ስድስት ጥንድ አብረው ይደንሳሉ። 90 ሰከንድ ለስድስት ሲካፈል 15 ሰከንድ። በማጣሪያው ዙር ደግሞ አስራ ሁለት ጥንድ አንድ ላይ ቢወጡ ሰባት ሰከንድ ተኩል። እሱም ጥንዱ ከዳኛው ፊት ካለ ነው፤ ወለሉ ማዶ ጥግ ላይ ከሆኑ ያየው የሌላ ሰው ጀርባ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዳኛው እግርን፣ አቋምን፣ ከሙዚቃው ጋር መሄድን፣ የሁለቱን ሰዎች መግባባት ይመዝናል።

አሁን ራሳችሁን እዚያ ቦታ አስቀምጡ። አሥራ አምስት ሰከንድ አላችሁ። ከስድስቱ ጥንዶች አንደኛውን ታውቃላችሁ፤ ባለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነበሩ። መጀመሪያ ዓይናችሁ ወዴት ይሄዳል? እነሱ ቢሳሳቱ «ዛሬ ደክሟቸዋል» ትላላችሁ። የማታውቋቸው ጥንዶች ያንኑ ስህተት ቢሠሩ «ገና ናቸው» ትላላችሁ። ማንም ገንዘብ አልሰጣችሁም። ማንም ስልክ አልደወለም። ጊዜ ሲያንስ አእምሮ የጎደለውን ከማስታወስ ይሞላል፣ በቃ። ተወዳዳሪው ጀርባው ላይ የሚለጥፈው ቁጥር ስሙን ለመሸፈን ነው፤ ፊቱን ግን ማን ይሸፍነዋል?

የሙዚቃ ኦርኬስትራዎች ለዚህ መላ አላቸው። ብዙዎቹ አዲስ ተጫዋች ሲፈትኑ መጋረጃ ያደርጋሉ፤ ፈታኙ ይሰማል እንጂ አያይም። ዳንስ ግን መጋረጃ አይሆንለትም። የሚዳኘው አካሉ ራሱ ነው።

*

ቦልሩም ይህን ችግር ሳያውቀው የኖረ አይምሰላችሁ። «ስኬቲንግ ሲስተም» የሚባል የቆየ የአቆጣጠር ዘዴ አለው። በፍጻሜ ዳኛው ነጥብ አይሰጥም፤ ደረጃ ይሰጣል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከዚያ የሚታየው አማካይ ሳይሆን የአብላጫው ድምፅ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰባት ዳኞች አሉ። አራቱ ጥንድ ሀን አንደኛ፣ ጥንድ ለን ሁለተኛ አሏቸው። የቀሩት ሦስቱ ጥንድ ለን አንደኛ ብለው ጥንድ ሀን ስድስተኛ አደረጓቸው። ደረጃውን ብንደምር የሀ 22፣ የለ 11 ይሆናል፤ ድምሩ ያነሰው ስለሚሻል ለ በብዙ ይበልጣሉ። በስኬቲንግ ሲስተም ግን አሸናፊው ሀ ነው፤ ከሰባት አራት «አንደኛ» አለውና።

ሲሰማ ግፍ ይመስላል አይደል? ግን ምክንያት አለው። አማካይ ብንጠቀም አንድ ተንኮለኛ ዳኛ የሚጠላውን ጥንድ መጨረሻ ላይ ጥሎ ውጤቱን ብቻውን ማበላሸት ይችላል። በአብላጫ ግን አይችልም። ባሪ ፋይፍ አንድ ድምፅ ብቻ ቢኖረው ምንም ባልፈጠረ ነበር። ዘዴው የተሠራው ከሌሎቹ የሚያፈነግጠውን ዳኛ ለመቆጣጠር ነው፤ ይህንንም በደንብ ይሠራል።

ጥያቄው፣ የሚያፈነግጠው ዳኛ ሁልጊዜ አጥፊው ነው ወይ? አራቱ ዳኞች በአንድ ትምህርት ቤት ዓይን የሚያዩ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ገላ፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ የለመዱ ከሆነ፣ ስኬቲንግ ሲስተም ይህን አያርመውም። እንዲያውም ያጸድቀዋል። የአንዱን ሰው አድልዎ ያጣራል፤ የሁሉንም አድልዎ ግን «ስምምነት» ብሎ ያትመዋል።

የዓለም ዳንስስፖርት ፌዴሬሽን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች ሌላ ዘዴ አምጥቷል። ዳኛው በአራት ዘርፍ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፦ ቴክኒክ፣ ከሙዚቃ ጋር መንቀሳቀስ፣ የጥንድ መግባባት፣ ኮሪዮግራፊና አቀራረብ። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ቢያንስ ዳኛው ምኑን እንደሚያይ ተነግሮታል። ግን እዚህም ከሌሎቹ ነጥብ በጣም የራቀ ነጥብ ክብደቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ ስሌት ገብቶበት ነበር። ሒሳቡ ረቀቀ፣ እምነቱ ግን ያው ነው፦ ብቻውን የቆመ ሰው ተሳስቷል።

*

ሌላም ነገር አለ፤ ቦልሩም ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ዳኞቹ አስተማሪዎች ናቸው። የትናንት ሻምፒዮን ዛሬ ያስተምራል፣ ነገ ይዳኛል። ተወዳዳሪው የግል ትምህርት በሰዓት ከፍሎ የሚማረው፣ ከወራት በኋላ ወለሉ ዳር ቆሞ ከሚያየው ሰው ዘንድ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉቦ ነው? አይደለም። ከአዋቂ መማር ነው፤ አዋቂዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ግን አቅም ያለው ልጅ ከአምስት ዳኞች ዘንድ ተምሮ ሲመጣ፣ አቅም የሌለው ልጅ ዳኞቹን መጀመሪያ የሚያያቸው በውድድሩ ቀን ነው። ዳኛው ወለሉ ላይ የራሱን ትምህርት ሲያይ «ጥሩ ቴክኒክ» ይለዋል። አይዋሽም። ለእሱ ጥሩ ቴክኒክ ማለት ያ ነው።

ጁልየት ማክሜይንስ በ2006 ባሳተመችው «ግላመር አዲክሽን» መጽሐፏ የአሜሪካንን የቦልሩም ኢንዱስትሪ እንዲህ ከውስጥ ታየዋለች። ራሷ ተወዳዳሪ የነበረች ምሁር ናት። ከሁሉ የቆረቆረኝ ላቲን ዳንሰኞች ገላቸውን የሚቀቡትን ቡናማ ቀለም የምታነሳበት ክፍል ነው። ነጭ ዳንሰኛ «ላቲን» ለመምሰል ይጠቁራል። እውነተኛው ላቲን አሜሪካዊ ግን እዚያ ወለል ላይ እምብዛም የለም።

ለምን የለም? ምክንያቱም የቦልሩም ሩምባ የኩባ ሩምባ አይደለም። በ1947 ፒየር የሚባል ለንደን ያለ የዳንስ አስተማሪ ኩባ ሄዶ ያየውን ይዞ መጣ፤ ከአጣማሪው ዶሪስ ላቬል ጋር አስተማረው። እንግሊዝ ውስጥ አስተማሪዎች «ትክክለኛው ሩምባ የቱ ነው» ብለው ለዓመታት ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ተስማምተው መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ሩምባ መጽሐፉ ያለው ሆነ። ከሃቫና ሰፈር አንድ አዛውንት ተነስተው ብላክፑል ዊንተር ጋርደንስ፣ ከ1920 ጀምሮ ትልቁ ውድድር በሚካሄድበት አዳራሽ፣ እንደ ልጅነታቸው ሩምባ ቢደንሱ ማጣሪያውን አያልፉም። ዳኛው አድልቶ አይደለም። መስፈርቱ ነው።

እስኪ በእኛ አስቡት። አንድ ቀን ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች እስክስታን ወደውት ደንብ አወጡለት እንበል። ትከሻ በዚህ ማዕዘን፣ አንገት በዚህ ፍጥነት፣ ፊት ሁሌ ፈገግታ። ከዚያ አንዲት የጎጃም ሴት መጥታ እንደ እናቷ ስትጨፍር «ቴክኒኳ ደካማ ነው» ተባለ። ስንት ቀን እንስቅ ነበር? ከዚያስ ስንት ዓመት እንበሳጭ ነበር?

ለዚህ ነው የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት የጭብጨባው አይደለም የምለው። ምርጡ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለው የፍራን ቤት ጓሮ ነው። ስኮት፣ የተማረው ስኮት፣ ለፍራን ቤተሰብ ፓሶ ዶብሌ ሊያሳይ ይነሳል። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ይስቅበታል። ከዚያ የፍራን አባት ሪኮ ይነሳና ያሳየዋል፤ አያቷ ደግሞ ምቱ ከእግር ሳይሆን ከደረት እንደሚጀምር ታስተምረዋለች። በዚያች ሌሊት ዳኛው ማን እንደሆነ ተገለበጠ። ተሸላሚው ተፈታኝ ሆነ፣ ስደተኛው ፈታኝ። ሉርማን እዚህ ጋ ትክክለኛውን ጥያቄ ነክቶታል፦ መስፈርቱ የማን ነው? ያሳዝናል፣ ፊልሙ ይህን ጥያቄ ትቶ ወደ ባሪ ፋይፍ ተንኮል ይመለሳል። ተንኮል ይፈታል፤ መስፈርት ግን አይፈታም።

*

ፊልሙ መፍትሔ አድርጎ የሚሰጠን ጭብጨባውን ነው። ዳኛው ይውረድ፣ ሕዝቡ ይፍረድ። 1992 ላይ ይህ ያስደስት ነበር። እኛ ግን ሕዝብ በስልክና በኢንተርኔት ሲዳኝ አይተናል፤ ውጤቱንም እናውቀዋለን።

2008 ላይ በቢቢሲው «ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ» ጆን ሰርጀንት የሚባል አንጋፋ የፖለቲካ ጋዜጠኛ ተወዳደረ። መደነስ አይችልም ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ዳኞቹ በየሳምንቱ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጡት ሕዝቡ በየሳምንቱ በድምፁ ያድነው ነበር። ለመሳቅ፣ ዳኞቹን ለማናደድ፣ ሰውየው ደስ ስለሚል። እሱ ሲቀር የተሻሉ ዳንሰኞች ተሰናበቱ። በመጨረሻ ሰርጀንት ራሱ በፈቃዱ ወጣ፤ ሳይገባው የማሸነፍ አደጋ ላይ መሆኑ ከቀልድ አልፎበት። 2018 ላይ በአሜሪካው «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» የሬዲዮ አቅራቢው ቦቢ ቦንስ ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ በተመልካች ድምፅ ዋንጫውን ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ተቀየረ፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ማን እንደሚሰናበት ዳኞቹ እንዲወስኑ ተደረገ።

ሕዝብም ዳኛ ነው። የሚያውቀውን ይወዳል፣ የሚያስቀውን ይመርጣል፣ ለማያውቀው ስልኩን አያነሳም። አባትየው ሲያጨበጭብ ያለቀስኩት ጭብጨባው ትክክል ስለሆነ አልነበረም፤ አባቱ ስለነበር ነው። አባት ለልጁ ሲያጨበጭብ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አድልዎ ማለት እሱ ነው።

ጉዳዩን ለሒሳብና ለምስጢር መተውም ተሞክሯል፤ በጎረቤት ስፖርት። በ2002 የሶልት ሌክ ኦሎምፒክ የጥንድ በረዶ ሸርተቴ ውድድር የሩሲያ ጥንድ ካናዳውያኑን 5 ለ 4 አሸነፉ። ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል አለች፣ ኋላ ደግሞ ቃሏን ቀየረች። ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። የድሮው የ6.0 ነጥብ ቀርቶ አዲስ ዘዴ መጣ፤ ዳኞችን ከጫና ለመጠበቅ ተብሎም የትኛው ዳኛ የቱን ነጥብ እንደሰጠ ተደበቀ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ግን መጋረጃው ጫና አድራጊውን ብቻ ሳይሆን አድሏዊውንም ከለለ። በ2016 ተሰረዘ።

በዚህ በኩል ቦልሩም ይሻላል። ከፍጻሜው በኋላ የእያንዳንዱ ዳኛ ደረጃ በግልጽ ይለጠፋል። የሌለው ምክንያቱ ነው። «4» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ለምን 4? አይታወቅም። በአገራችን በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ፈራጁ በአደባባይ፣ ሰው እየሰማ ነበር የሚናገረው። ያ ፍርድ ሁሌ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ግን በቃል የተነገረ ፍርድ ይሞገታል። ቁጥር ግን አይሞገትም።

*

አሁን ለምን ይሄ ሁሉ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአጭር ልቦለድ ውድድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ትንሽ ውድድር ነው፤ ሽልማቱም ትንሽ። ጽሑፎቹ ስም አልነበራቸውም፣ ቁጥር ብቻ። አንዱን ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አወቅኩት። የማውቃት ልጅ ናት፤ ረቂቆቿን በንባብ ክበባችን አድምጫለሁ፣ አስተያየትም ሰጥቻለሁ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የኔን ምክር ተከትሎ የታረመ ነበር። አንደኛ አልኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን የራሴን ትምህርት ነበር የማየው።

ሌላው ቁጥር 41 ነው። በወሎ ገጠር አነጋገር የተጻፈ፣ አንዲት ሴት በሬዋን ልትሸጥ ገበያ ስትሄድ የሚተርክ። ዳር ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ አሁንም አለኝ፦ «ቋንቋው አልተገራም»። ከአምስቱ ውጭ አደረግኩት። ሁለቱ ዳኞችም እንደኔ አደረጉ። ሦስታችንም አዲስ አበባ ያደግን ነን። ሙሉ ስምምነት ነበር፣ ክርክር እንኳ አልነበረም። በጣም ፍትሐዊ ስብሰባ መስሎኝ ቡና ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፊልሙን ደግሜ ያየሁ ሰሞን ፋይሎቹን ስፈልግ ቁጥር 41ን አገኘሁት፤ አነበብኩት። ያልተገራው ቋንቋው አልነበረም፤ ጆሮዬ ነበር። ሴትዮዋ ከበሬዋ ጋር የምታወራበትን ገጽ ሦስት ጊዜ መለስ ብዬ አነበብኩት። የሪኮ ጓሮ ላይ ቆሜ የተሳቀብኝ ያህል አፈርኩ።

ማንም አልከፈለኝም። ዊግ የለኝም። ባሪ ፋይፍን ሳይ «ይህ ሰው እኔ አይደለሁም» ብዬ ተመቸኝ፤ ፊልሙ ያን ምቾት ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩት። ጥሩ ፊልም እንዲህ በቀላሉ ይቅር ሊለን አይገባም ነበር።

«ስትሪክትሊ ቦልሩም» ሲያልቅ ሁሉም ወለሉ ላይ ወጥቶ ይደንሳል። ስኮትና ፍራን አሸነፉ አልተባለም። ዋንጫው ለማን እንደተሰጠ አናውቅም። ያኔ ይህን እንደ ነጻነት ነበር የወሰድኩት፤ ውጤት ምን ያደርጋል ብዬ። አሁን ግን ፊልሙ እዚያ ጋ ያመለጠ ይመስለኛል። መፍረድ ካቃተህ መብራት አጥፍተህ ጭፈራ መጀመር ይቻላል፣ ሲኒማ ውስጥ። ከሲኒማ ውጭ ግን አንድ ሰው የግድ አንደኛ ይባላል፣ አንድ ሰው ደግሞ የግድ ከአምስቱ ውጭ ይሆናል። ዳኛውም ለምን እንደዚያ እንዳለ ቢያንስ ለራሱ መናገር መቻል አለበት።

የቁጥር 41ን ጸሐፊ አዘጋጆቹን ጠይቄ ነበር። ዝርዝሩ አልተቀመጠም አሉኝ። ይህን ካነበብክ ወይም ካነበብሽ፦ ጽሑፉ ከአንደኞቹ ነበር። አላየሁትም እንጂ።